ስክሪኑ በተበላሸ ቁጥር ‹‹ፎርማት ይደረግ››?

መቸም ኮምፒዩተር ያለበት ቤት ሁሉ ይህችን ችግር ያውቃታል፡፡ ትናንት ማታ ደህና ሲሠራ ያመሸው ኮምፒዩተር ዛሬ ሲከፈት ፊደሉ ገዝፎ፣ ፎቶው ተለጥጦ፣ ቀለሙ ደብዝዞ ይመጣል፡፡ አንዳንዴ ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት እስኪታይ ድረስ ደህና ይሄድና ልክ ሊገባ ሲል ስክሪኑ ጥቁር ይላል፡፡ ባለቤቱ ሲፒዩውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ ባጃጅ ላይ ጭኖ ጥገና ቤት ያደርሰዋል፡፡ ብቸናም ይሁን ሞጣ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ‹‹ዊንዶውሱ ሞቷል፣ ፎርማት ይደረግ!››

እኔ ይህን መልስ እቃወማለሁ፡፡ ስቃወም ግን ጥገና ቤት ያሉትን ወንድሞቻችንን ለማጥላላት አይደለም፡፡ የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪ ተመርቆ ሲወጣ የሚቀመጠው እዚያው ወንበር ላይ ነው፡፡ እንዲያውም እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከመካከላችን ገና ሳይመረቁ የሰፈር ፎርማት አድራጊ የሆኑ ሞልተዋል፡፡ አክስት ትደውላለች፤ ልጁ ፍላሹን ኪሱ ከቶ ይሄዳል፤ ያለውን ሁሉ ጠርጎ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ተመርቆ ይመለሳል፡፡

ለመሆኑ ድራይቨር ምንድን ነው? በአጭሩ አስተርጓሚ ነው፡፡ ዊንዶውስ የሚናገረው ሌላ፣ ግራፊክስ ካርዱ የሚሰማው ሌላ ስለሆነ በመሀል ቆሞ የሚያግባባ ፕሮግራም ያስፈልጋል፡፡ እሱ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ዊንዶውስ ዝም ብሎ አይቀመጥም፡፡ ለየትኛውም ካርድ የሚሆን አንድ መናኛ አስተርጓሚ ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚዞር እሱን ያስነሳል፡፡ ይኸኛው ደግሞ የሚያውቀው ጥቂት ቃል ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ስክሪኑ ብዙ ጊዜ 800 በ600 ወይም 1024 በ768 ሆኖ ይቀራል፣ ቪዲዮ ይንቀጠቀጣል፣ ገጽ ሲጎተት እንደ ማዕበል ይከተላል፡፡ ዲቫይስ ማኔጀር ተከፍቶ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚለው ሥር በዊንዶውስ 7 ‹‹ስታንዳርድ ቪጂኤ ግራፊክስ አዳፕተር››፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ‹‹ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር›› የሚል ስም ከተገኘ በቃ፣ በሽታው ታውቋል ማለት ነው፡፡ ዊንዶውሱ አልሞተም፣ ካርዱም አለ፡፡ የጎደለው አስተርጓሚው ብቻ ነው፡፡

እዚህ ላይ ቆም ብለን ምርመራውን እንመልከት፤ ምክንያቱም ሙያ ማለት ይህ ነው፡፡ ኮምፒዩተር ሲበራ መጀመሪያ የሚታየው የአምራቹ ምልክት /ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ የሚለው/ እና የባዮስ ገጽ ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት የሚመጡ ናቸው፡፡ በዚያች ሰዓት የዊንዶውስ ድራይቨር ገና አልተነሳም፡፡ እንግዲህ መስመሩና ነጠብጣቡ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ከታየ ጥፋቱ የካርዱ፣ የኬብሉ ወይም የሞኒተሩ ነው፡፡ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ለውጥ አያመጣም፡፡ ባዮሱ ጥርት ብሎ ታይቶ ዊንዶውስ ሲገባ ብቻ የሚበላሽ ከሆነ ግን ድራይቨሩ ይጠረጠራል፡፡ ለዚህች ፍተሻ ገንዘብ አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ዓይን ብቻ ይበቃል፡፡

ሞኒተሩ ‹‹ኖ ሲግናል›› እያለ የሚጽፍ ከሆነ ከኬብሉ እንጀምር፡፡ ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት ዴስክቶፕ ሁለት ቦታ መሰኪያ አለው፤ አንዱ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሌላው ካርዱ ላይ፡፡ ቤት ሲጠረግ ወይም ጠረጴዛ ሲዞር ኬብሉ ተነቅሎ በተሳሳተው ይሰካና ቤተሰቡ ሁሉ ኮምፒዩተሩ ተቃጠለ ይላል፡፡ ምንም ሳያሳይ ጢጥ ጢጥ እያለ የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራም ነው፡፡ መብራቱን ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ ወርቃማውን እግሩን በላጲስ ቀስ ብሎ ጠርጎ መመለስ ነው፡፡ ይህንን እንኳ ጥገና ቤቶቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል፡፡

ቀጥሎ ሴፍ ሞድ ይመጣል፡፡ እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ ሲነሳ ኤፍ 8 መጫን ነበር፤ ከ8 ወዲህ ሺፍትን ተጭኖ ሪስታርት ማለት ነው፡፡ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ምንም ማየት ካልተቻለ ዊንዶውስ ሊነሳ ሲል ሁለት ሦስት ጊዜ ቢቋረጥ ራሱ የጥገናውን ገጽ ያመጣዋል፡፡ በሴፍ ሞድ ዊንዶውስ የካርዱን ድራይቨር አይጠራም፣ በመናኛው ነው የሚገባው፡፡ በዚህ በኩል ገብቶ ስክሪኑ ደህና ከሆነ ጥፋተኛው በእጅ ተይዟል፡፡ ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው ድራይቨር መመለስ /ሮል ባክ የሚለው/፣ ወይም ያለውን አንስቶ እንደገና መጫን ነው፡፡ ይህ ሁሉ ተሠርቶ የሰውዬው አንዲት ፎቶ አልተነካችም፡፡

የካርዱ ስም ካልታወቀስ? ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን መስመር ከፍቶ ሃርድዌር አይዲ የሚለውን ማየት ነው፡፡ እዚያ የአምራቹ ቁጥር ተጽፏል፡፡ 8086 ካለ ኢንቴል፣ 1002 ካለ ኤኤምዲ /የቀድሞው ኤቲአይ/፣ 10ዲኢ ካለ ኤንቪዲያ ነው፡፡ በነገራችን ላይ 8086 እ.ኤ.አ. በ1978 ኢንቴል ያወጣው የታዋቂው ፕሮሰሰር ስም ነው፤ ኩባንያው መታወቂያ ቁጥሩንም ከዚያው ስም ጋር አንድ አድርጎታል፡፡ ክፍል ውስጥ የምንሸመድደው ነገር አንዳንዴ ጥገና ላይም ይመጣል ማለት ነው፡፡

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ፡፡ ሞጣ ከተማ አንድ መምህር ያገለገለ ዴስክቶፕ ቤታቸው አላቸው፡፡ አንድ ቀን ስክሪኑ ይለጠጥባቸውና ወደ አንድ ጥገና ቤት ይወስዱታል፡፡ ልጁ ጨዋ ነው፣ ሳይጠይቅ አልጀመረም፡፡

‹‹ጋሼ፣ ሲ ድራይቭ ላይ የሚፈልጉት ነገር አለ?››

‹‹ሲ ድራይቭ ምንድን ነው ልጄ?››

‹‹ግድ የለም፣ ፋይል ካለዎት ዲ ላይ ነው የሚሆነው፡፡››

ፋይሉ ግን ዲ ላይ አልነበረም፡፡ መምህሩ እንደማንኛውም ሰው ሁሉንም ነገር ዴስክቶፑ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፡፡ ዴስክቶፕ ማለት ደግሞ ሲ ድራይቭ ውስጥ ያለ ፎልደር ነው፤ ማይ ዶክመንትም እንደዚሁ፡፡ የሦስት ዓመት የተማሪ ማርክ፣ የእናታቸው ተዝካር ፎቶ፣ የልጃቸው የምረቃ ቪዲዮ አብሮ ሄደ፡፡ ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ኮምፒዩተሩ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖለት ቤት ሲደርስ ስክሪኑ ያው እንደተለጠጠ ነበር፡፡

ለምን? ነገሩ ግልጽ ነው፡፡ የዊንዶውሱ ፍላሽ የዚያን ካርድ ድራይቨር አልያዘም፡፡ የበሽታው ስም ‹‹ድራይቨር ጠፋ›› ከሆነ ሲ ድራይቭን መጥረግ የቀሩትን ድራይቨሮችም ጨምሮ ማጥፋት ነው፤ የድምፁንም፣ የኔትወርኩንም፡፡ ‹‹አዲሱ ዊንዶውስ እኮ ኢንተርኔት ሲያገኝ ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ያወርዳል›› የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ ልክ ነው፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ! ከደጀን ተነስቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ስንት ቤት ነው ገመድ የገባለት? አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው በሞባይል ዳታ ነው፡፡ እሱም ቢሆን በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል፡፡ በዚያ ጊዜ ፎርማት የተደረገ ኮምፒዩተር ድራይቨሩን ከየት ያምጣ? ከመኪና ተሳፋሪ ጋር ፍላሽ ልኮ ከሌላ ከተማ ማስመጣት ነበር፣ እሱም መንገዱ ክፍት ሲሆን፡፡ ስለዚህ እኛ አገር ‹‹ከኢንተርኔት አውርደው›› የሚል ጥገና ግማሽ ጥገና ነው፡፡

የሚገርመው ግን ያ ሁሉ የሚፈለገው ድራይቨር ሊጠረግ በተዘጋጀው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ቁጭ ብሎ መገኘቱ ነው፡፡ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ እያንዳንዱ የተጫነ ድራይቨር ቅጂው ይቀመጣል፡፡ ቦታው ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ከዚያ ድራይቨር ስቶር የሚባል ፎልደር ነው፤ በውስጡ ፋይል ሪፖዚተሪ የሚል አለ፡፡ ይህን ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው፡፡ ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ አፕዴት ድራይቨር ብሎ፣ ኢንተርኔት ፈልግ ከማለት ይልቅ ከኮምፒዩተሬ ፈልግ የሚለውን መርጦ ፎልደሩን ማሳየት ነው፤ የውስጥ ፎልደሮችንም እንዲያይ ምልክቱ ይደረግ፡፡ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ አዲሱ ዊንዶውስ እንደ ቀድሞው ባለ 32 ቢት ወይም ባለ 64 ቢት መሆን አለበት፤ የ32ቱ ድራይቨር ለ64ቱ አይሆንም፡፡ ለኤክስፒ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ለእሱ ደብል ድራይቨር የሚባል በነፃ የሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም ነበር፣ ድራይቨሮቹን ለቅሞ በአንድ ፎልደር ያስቀምጣል፡፡

ዊንዶውሱ ጭራሽ የማይገባ ከሆነስ እንዴት ይገለበጣል? ኡቡንቱን በፍላሽ ማስነሳት ነው፡፡ ሳይጫን ከፍላሹ ብቻ ይሠራል፤ ሃርድ ዲስኩን ከፍቶ ፎቶውንም፣ ማርኩንም፣ ድራይቨሩንም ማውጣት ይቻላል፡፡ ሌላም ጥቅም አለው፡፡ የኢንቴልና የኤኤምዲ ካርዶች ድራይቨር ከኡቡንቱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ በእሱ ሲነሳ ስክሪኑ ጥርት ካለ ካርዱ ጤነኛ እንደሆነ ይታወቃል፡፡ አንዲት ፍላሽ ምርመራም መድኃኒትም ሆነች ማለት ነው፡፡

ታድያ ይህ ሁሉ ቀላል ከሆነ ጥገና ቤቱ ለምን ፎርማት ይወዳል? በእኔ አስተያየት መልሱ ያለው ዕውቀት ላይ ሳይሆን አከፋፈሉ ላይ ነው፡፡ ፎርማት ይታያል፡፡ ደንበኛው መስመሩ እየሞላ ሲሄድ ያያል፣ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፣ አዲስ ገጽ ይመጣል፣ ገንዘቡን ሳይከራከር ይከፍላል፡፡ በሴፍ ሞድ ገብቶ በአምስት ደቂቃ ያስተካከለ ልጅ ግን ‹‹ነካ ነካ አድርገህ ብር ትላለህ እንዴ?›› ነው የሚባለው፡፡ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፡፡ እንዲህ ሲሆን ብልህ ልጅ ምን ያደርጋል? ፎርማት ያደርጋል! ስለዚህ ጥፋቱን ጥገና ቤት ላይ ብቻ መለጠፍ ተገቢ አይደለም፡፡ ጤና ጣቢያ ስንሄድ መድኃኒት ሳናይ ካርድ እናወጣለን፣ ለምርመራም እንከፍላለን፤ ማንም አያጉረመርምም፡፡ ለኮምፒዩተርም የምርመራ ዋጋ ቢለመድ፣ ተመርምሮ ‹‹ኬብል ነው›› ለተባለ ሰው እንኳ ቢከፈል፣ የብዙ ቤተሰብ ፎቶ ይተርፍ ነበር፡፡

ፎርማት ፈጽሞ አያስፈልግም አልልም፡፡ ቫይረስ ሲስተሙን ከበላው፣ ዊንዶውሱ ራሱ የማይጠገን ከሆነ ያስፈልጋል፡፡ ፋይል ከወጣ በኋላ! አንዳንዱ ደግሞ ከፎርማት የባሰ አቋራጭ አለው፤ የአንዱን ኮምፒዩተር ዊንዶውስ በጎስት ቀድቶ በሁሉም ላይ መገልበጥ፡፡ የዴሉ ድራይቨር ኤችፒው ላይ ይወጣና መወላገድ ይጀምራል፡፡ በየገበያው የሚዞሩት ‹‹ሁሉንም ድራይቨር የያዙ›› ሲዲዎችና ፕሮግራሞችም እንዲሁ፤ ከድራይቨሩ ጋር ያላዘዝነውን ማስታወቂያና ብሮውዘር ይጭናሉ፡፡ አዲስ ድራይቨር ሁሌ ይሻላል የሚለውም አይሠራም፡፡ እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ኤንቪዲያ 196.75 የተባለውን ድራይቨር አውጥቶ የካርዱን ማራገቢያ በትክክል ባለማዞሩ ካርዶች ስለጋሉ ወዲያው ለመሰብሰብ ተገዷል፡፡ ደህና የሚሠራን ድራይቨር መነካካት አያስፈልግም፡፡

የትልልቆቹን አገር እንይ ካልን ደግሞ ጁላይ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የሆነውን ማስታወስ ነው፡፡ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በላከው አንድ የተበላሸ ፋይል ምክንያት ድራይቨሩ ተሳስቶ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል ዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቀሩ፡፡ አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታል ተስተጓጎለ፡፡ ኩባንያው ያወጣው መፍትሔ ምን ነበር? በሴፍ ሞድ ግቡ፣ ድራይቨሮች ያሉበትን ፎልደር ክፈቱ፣ ያችን አንዲት ፋይል አጥፉ የሚል ነው፡፡ ባለሙያዎቹ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው እየዞሩ በእጃቸው ሠሩት፡፡ በዓለም አየር መንገዶች የተሠራበት ዘዴ ለብቸና የቤት ኮምፒዩተር አያንስም፡፡

ከድራይቨር ጋር የሚምታቱ ሁለት የአካባቢያችን ነገሮችም አሉ፡፡ አንዱ መብራት ነው፡፡ ድራይቨር ወይም አፕዴት እየተጫነ ሳለ መብራት ድርግም ካለ ፋይሉ ግማሽ ሆኖ ይቀራል፤ ሲነሳ ጥቁር ነው፡፡ ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ መብራቱ ሲመላለስ በዋለበት ቀን ድራይቨር መጫን አያስፈልግም፣ ነገ ይደርሳል፡፡ ሌላው አቧራ ነው፡፡ በበጋ፣ በተለይ ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን፣ ብናኙ ማራገቢያው ውስጥ ይጠቀጠቅና ካርዱ ይግላል፡፡ ያኔ ስክሪኑ ለአፍታ ጠፍቶ ይመለስና ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር የሚል ጽሑፍ በሥሩ ይወጣል፡፡ ዊንዶውስ ለካርዱ ሁለት ሰከንድ ያህል ጠብቆ መልስ ሲያጣ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል፤ ጽሑፉ የሚመጣው ለዚህ ነው፡፡ ጽሑፉ ድራይቨር ቢልም መድኃኒቱ ግን ብሩሽ ሊሆን ይችላል፡፡

ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ነገርም ሳይነሳ አይታለፍም፡፡ በየቤቱ ካሉት እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ያሉት የኢንቴል ጂኤምኤ 4500 ግራፊክስ አላቸው፡፡ ኢንቴል ራሱ ለዚህ ካርድ ለዊንዶውስ 10 ብሎ ያወጣው ድራይቨር የለም፡፡ ‹‹አዲሱን ጫንልኝ›› የሚል ደንበኛ ይህን አያውቅም፤ መንገር ያለበት ባለሙያው ነው፡፡ ዊንዶውስ 7 ድጋፉ በጃንዋሪ 2020፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፡፡ አሮጌ ካርድ ያለው ሰው ፊት ያለው ምርጫ ጠባብ ነው፤ ለእኔ ኡቡንቱ ከሁሉም ይሻላል፣ ምንም እንኳ ቤተሰብ ለማላመድ ጊዜ ቢወስድ፡፡

እንግዲህ ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፡፡ ከብቸናና ከሞጣ የመጣን ተማሪዎች ለእረፍት ስንሄድ እያንዳንዳችን በሰፈራችን ያሉትን ኮምፒዩተሮች እንመዝግብ፤ ሞዴሉን፣ የካርዱን ስም፣ የዊንዶውሱን ዓይነት፣ 32 ወይም 64 መሆኑን፡፡ የሚሠራውን ድራይቨር ደህና ሳለ ከድራይቨር ስቶሩ ቀድተን እናምጣ፡፡ ዴል ከሆነ ጀርባው ላይ ያለውን የሰባት ፊደልና ቁጥር ሰርቪስ ታግ አንርሳ፣ ሞዴሉን ፍንትው አድርጎ ያሳያል፡፡ ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ሲፒዩው ጎን ላይ በፕላስተር መለጠፍ ደግሞ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ትልቅ ውለታ ነው፡፡ ቅጂው በየሞዴሉ ተለይቶ በዲፓርትመንቱ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ቅጂ በየከተማው አንድ ሰው ዘንድ ይሁን፣ ኔትወርክ ቢጠፋ እዚያው እንዲገኝ፡፡ ለመጀመሪያ ከብቸና አሥር፣ ከሞጣ አሥር ኮምፒዩተር ብንይዝ፣ የግራፊክሱንና የኔትወርኩን ድራይቨር ብቻ ብንለይ፣ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ይበቃናል፡፡ ፍላሹን እኔ አመጣለሁ፤ ዝርዝሩን የሚይዝ ሰው ግን ከሦስተኛ ዓመት ቢመረጥ ይሻላል፡፡